የአባቴ ባሕር ዛፎችና የእትዬ ግድግዳ



ይህን ጉዳይ ልጻፈው ወይስ ይቅር እያልኩ ወራት አለፉ። የቤት ጉዳይ ነው፤ እናቴን ሳላስፈቅድ ደግሞ አልጽፍም። ባለፈው ጁምዓ ስጠይቃት "የሰው ስም አትጥራ፣ የኛን ጥፋት ግን አትደብቅ" አለችኝ። እንዳለችው አደርጋለሁ ኢንሻአላህ።

ነገሩ ስለ አራት ባሕር ዛፎች ነው።

አባቴ (አላህ ይዘንለት) እኔ በተወለድኩበት በ1984 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮምቦልቻ በሚገኘው ግቢያችን፣ በጓሮ አጥር ጥግ አራት የቀይ ባሕር ዛፍ ችግኞች ተከለ። መስመሩ እንዳይጣመም ገመዱን በወዲያ ጫፍ የያዙለት የጎረቤታችን አባወራ ነበሩ ይባላል። ሁለቱም ዛሬ የሉም። እሳቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ ግን እነሱና እኛ በዒድም በፋሲካም ሳንጠያየቅ ያለፍንበትን ዓመት አላስታውስም። አሁን በዚያ ቤት የቀሩት ባለቤታቸው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል፤ እኔም ሌላ ስማቸውን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ባሕር ዛፍ ሲተከል ማንም አይፈራውም። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያወጣት ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ለአባቴም ምክንያቱ ይኸው ነበር፦ ለማገር፣ ለማገዶ፣ ከተረፈም ለችግር ቀን። ችግር ቀን ግን ስንት ጊዜ መጥቶ ስንት ጊዜ ሄደ፤ አባቴ አንዱንም አልቆረጠም። ወደዳቸው መሰለኝ። ከዐስር በኋላ ሥራቸው ተቀምጦ ተስቢሑን ሲቆጥር ነው እስከ ዛሬ በዓይኔ የሚመጣው። እሱ ሲሞት ሁለቱ እኔ ባቅፋቸው እጆቼ የማይገናኙበት ደረጃ ደርሰው ነበር። ከአጥሩ አንድ ሜትር፣ ከእትዬ ማድ ቤት ሦስት ሜትር፣ ከኛ ቤት አምስት ሜትር ይርቃሉ። ቁጥሩን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

የእትዬ ግድግዳ መሰንጠቅ ከጀመረ ቆይቷል። የሰፈራችን አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ያለ ዛፍም ይሆናል። ትልቅ ዛፍ አጠገቡ ሲኖር ግን ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ይጠጣዋል፤ አፈሩ በዚያ ወገን ብቻ ይኮማተርና ግድግዳው በአንድ በኩል ይወርዳል። የእትዬ ቤት ደግሞ የእንጨትና ጭቃ ነው፤ ከላይ በሲሚንቶ ተለሰነ እንጂ መሠረቱ ጥልቀት የለውም። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ነበረው። እትዬ በየዓመቱ በጭቃ ይደፍኑታል፣ በየዓመቱ ይከፈታል። ሐምሌ ላይ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ዛፎቹ ቀጭተው ቀጭተው፣ እትዬ አልጋቸውን ትተው ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነጋሉ።

ይህን እኛ እናውቅ ነበር ወይ? እናውቅ ነበር። ከባዱ ነገር እሱ ነው። እትዬ ከሰው አልነገሩንም፣ ቀበሌም አልከሰሱንም። አንድ ቀን ብቻ፣ አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ቅርንጫፍ ወድቆ ቆርቆሯቸውን በበሳ ማግስት፣ እናቴ ለማረም ስትሄድ "ተይው፣ ባልሽ በእጁ የተከለው ነው" አሏት። እናቴ ይህን ይዛ መጣች። እኛ ደግሞ ይህን እንደ ፈቃድ ወሰድነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልግባ። ዛፎቹ ይቆረጡ የሚል ሐሳብ በቤታችን በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ነበረን፦ ሰደቀቱል ጃሪያ። ሙስሊም ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከተክሉ ከበላ ምጽዋት ሆኖ እንደሚጻፍለት በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ማን የማያውቅ አለ? እህቴ ከሪያድ በኢሞ እየደወለች ታለቅሳለች፦ "የአባዬን አጅር ልታቋርጡበት ነው?" ትላለች። አንደኛው ዛፍ ላይ ጭላት በየዓመቱ ጎጆ ይሠራል። እናቴ ጫጩቶቹ ሲጮሁ በሰማች ቁጥር "ይኸው ለሱ እየጸለዩለት ነው" ትላለች። እኔም የተማርኩት፣ የማነበው፣ እዚህ ገጽ ላይ ኮሜንት የምሰጠው ልጅ፣ ሐዲሱን አንስቼ ታናሽ ወንድሜን አፉን አስይዣለሁ። በልቤ ግን ሌላም ነገር ነበረ፣ እዋሻለሁ እንዴ? የባሕር ዛፍ ግንድ ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል። ትንሽ ይቆዩ፣ ትንሽ ይወፍሩ የሚል ሒሳብ ነበረብኝ። ሐዲሱ ለሒሳቤ ሽፋን ሆኖልኝ ነበር። አስተግፊሩላህ።

ያነቃኝ የመስጂዳችን ኢማም ነው። ከመግሪብ በኋላ በሚሰጠው ደርስ ስለ ጎረቤት ሐቅ እያወራ ነበር። ጂብሪል ስለ ጎረቤት አደራ ደጋግመው ከማለታቸው የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ሊያወርሱት ነው ብለው እስኪያስቡ የደረሱበትን ሐዲስ ጠቀሰ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ ታርዶ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁለት ወይ ብለው እየደጋገሙ የጠየቁትን፣ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ የዘገቡትንም ጠቀሰ። እስከዚህ ድረስ የማውቀው ነው፤ ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። ከዚያ ስለ አንድ የተምር ዛፍ ማውራት ጀመረ።

ሱሙራ ኢብኑ ጁንዱብ (ረ.ዐ.) በአንድ አንሷሪ የአትክልት ግቢ ውስጥ የተምር ዛፎች ነበሯቸው። አንሷሪው ከነቤተሰቡ እዚያ ይኖራል። ሱሙራ ዛፋቸውን ሊያዩ ሲገቡ ሲወጡ ሰውየው ተቸገረ። ሽጥልኝ ቢል እንቢ፣ በሌላ ቦታ ልለውጥልህ ቢል እንቢ ተባለ። ጉዳዩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ሽጥለት አሉ፣ ለውጥለት አሉ፣ ስጠውና እንዲህ እንዲህ ያለ አጅር ይኖርሃል አሉ። ሱሙራ አልተቀበሉም። በዚህ ጊዜ ነቢዩ ጎጂው አንተ ነህ አሏቸው፤ አንሷሪውንም ሄደህ ዛፎቹን ንቀላቸው ብለው ፈረዱለት። ዘገባው አቡ ዳዉድ ዘንድ ያለ ሲሆን በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ንግግር እንዳላቸው ኢማሙ አልደበቀም። ሱሙራም ሰሐባ ናቸው፤ እኛ ስለሳቸው ክፉ አንናገርም። ግን ኢማሙ ቀጠለና ሙስሊም የዘገቡትን፣ በሰነዱ ጥያቄ የሌለበትን አመጣ፦ በመንገድ ላይ ሰዎችን ታስቸግር የነበረች ዛፍ ስለቆረጠ ብቻ በጀነት ሲንሸራሸር የታየው ሰው። በመትከል አጅር አለ፣ በመቁረጥም አጅር አለ፤ ልዩነቱ ዛፉ ለሰው የሚሰጠው ጥላ ነው ወይስ ጭንቀት የሚለው ነው አለ።

ያን ሌሊት ነፋስ አልነበረም። እኔ ግን አልተኛሁም።

እናቴን ለማሳመን ሦስት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻም አልተስማማችም፣ ዝም አለች እንጂ። "አድርጉት፣ እኔን አትጠይቁኝ" ብላ ክፍሏን ዘጋች። ጭላቷ ጫጩቶቿን አውጥታ እስክትሄድ ጠበቅን። ይህቺን እንኳ ለእናቴ ብለን ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ለምን በመጥረቢያና በመጋዝ አልቆረጣችሁትም የምትሉ አላችሁ። ባሕር ዛፍን ከላይ ቆርጠህ ጉቶውን ከተውክ በሁለት ወር ውስጥ ከጉቶው ዙሪያ አሥር ቡቃያ ያወጣል፤ ሥሩም መጠጣቱን ይቀጥላል። ያን የሚያክል ጉቶ በሰው ጉልበት ለማውጣት ደግሞ በዶማና በድጅኖ ለአንዱ ብቻ ሳምንት ቢፈጅ አይደንቅም። ስለዚህ ኤክስካቫተር ይሻላል ተባለ። ደላላ ጠራን። ደላላው ሃያ ቶን ገደማ የሚመዝን ባለ ሰንሰለት ማሽን በሎቤድ አመጣልን፤ ክፍያው በሰዓት ነው። የሰዓት ክፍያ ምን እንደሚያደርግ ያላየ ሰው አይገባውም። ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ በጆሮህ የምትሰማው ገንዘብህን ነው። ዛፍ ላይ ወጥተው ቅርንጫፍ የሚያራግፉ ልጆች ለብቻ ክፍያ ስለጠየቁን ተውናቸው። ማሽኑ እያለ ምን ያደርጋሉ አልን። ኦፕሬተሩም ወጣት ነው፣ በራሱ ይተማመናል። "ገፍቼ እጥለዋለሁ፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅም" አለ። ደስ አለን።

ግቢውን ዞሮ አላየም። እኛም አላሳየነውም። ስለ ግቢው የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ተቀምጧል፤ ማንም አልጠየቃትም።

እናቴ ግን ያን ጠዋት አንድ ነገር አደረገች። ሞተሩ ሲነሳ ነጠላዋን ደርባ ወጣች፣ ለማናችንም ቃል ሳትናገር በእትዬ በር ገባች። ኋላ እንደሰማሁት "እትዬ፣ እኔ ብቻዬን ይህን ማየት አልችልም፣ ነይና አብረሽኝ ተቀመጪ" ነው ያለቻቸው። እትዬ ማድ ቤት እሳት አንድደው ለሠራተኞቹ ቡና ሊያፈሉ ነበር። እጃቸውን ይዛ ወደኛ ሳሎን አመጣቻቸው።

ማሽኑ የመጀመሪያውን ዛፍ ከነቅርንጫፉ መግፋት ጀመረ። ባኬቱን ከፍ አድርጎ ግንዱ ላይ አሳረፈ። ያን ያህል ቁመት ያለው ዛፍ ሲገፋ ጫፉ መጀመሪያ ወደ ወዲያ ይሄድና መልሶ ወደ ማሽኑ ይወዛወዛል፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለው በዚያ ውዝዋዜ ተሰብሮ ጋቢናው ላይ ይወርዳል። ይህንን አላወቅንም። ወንድሜ ከዛፉ ወገብ የታሰረውን ገመድ ከሦስት ልጆች ጋር ይዞ ወደኛ ግቢ ይጎትታል። ሰው በእጁ ሃያ አምስት ሜትር ዛፍ ሊመራ! ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ኦፕሬተሩ ለተሻለ ማዕዘን ብሎ ማሽኑን ሁለት ሜትር ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰ። እዚያ ጋር መሬቱ አንድ ጊዜ ብቻ ድፍን ያለ ድምፅ አሰማና የቀኙ ሰንሰለት ሰመጠ።

እኔ ሳልወለድ የተዘጋ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር። ላዩን በግንድ ረብርበው አፈር አልብሰውታል፤ በላዩ ላይ ጎመን ስንዘራበት ኖረናል። ማሽኑ ሲያዘነብል ክንዱ ከዛፉ ላይ ተንሸራተተ። ግማሽ የተነቀለው ዛፍ የሚደግፈው አጣና ወደ አጥሩ ዞረ። ወንድሜ ገመዱን አልለቅም ብሎ መሬት ለመሬት ተጎተተ፤ "ልቀቅ! ልቀቅ!" ብዬ የጮህኩት ጩኸት ለብዙ ቀን ጉሮሮዬን አሞኛል። ለቀቀ። ዛፉ በእትዬ ማድ ቤት ላይ ወደቀ።

ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ ምድጃው፣ ጀበናው። እሳቱ ገና ይነድ ነበር።

እኔ እትዬ ውስጥ ያሉ መስሎኝ ነው አጥሩን የዘለልኩት። ፍርስራሹን በእጄ እየበተንኩ ስማቸውን ስጣራ ከኋላዬ "ልጄ፣ እዚህ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከእናቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ሱብሐነላህ። አላህ ሰበብ ያደረጋት ዛፉ እንዳይቆረጥ ስትከራከር የነበረችውን እናቴን ነው።

ማሽኑን ለማውጣት ሌላ ማሽን መጣ፤ ዝርዝሩን ልተወው። ኦፕሬተሩ ደህና ነው፣ ግንባሩ ትንሽ ተፈነከተ እንጂ። ደላላው ስልኩን ዘጋ። እሱን መርገም ቀላል ነው፤ እኔም ረግሜዋለሁ። ግን ርካሹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዛፍ ላይ የሚወጡትን ልጆች የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሐቅ ልወጣ ብዬ የተነሳሁበትን ነገር በቁጠባ ልፈጽመው ሄጄ ሰው ልገድል ነበር።

ሦስት ዛፍ ቆሞ፣ አንዱ ወድቆ፣ ግቢው ተቆፍሮ ሁለት ሳምንት ቆየ። እህቴ ከሪያድ ደወለች። ይሄኔ የባሰ ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ "ስንት ነው የሚፈለገው?" ብቻ አለች። ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችውን ላከች። ስለሷ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ዱዓ አድርጉላት።

ሁለተኛው ኦፕሬተር ከደሴ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ማሽናቸው ከመምጣቱ በፊት በባዶ እጃቸው በባጃጅ መጡ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ "በዚህ ግቢ ብዙ ዓመት የኖረው ማን ነው?"

እናቴን ጠራናት። ወጣች። ሰውየው ሰላምታ ሰጥተው "እናቴ፣ እስቲ መሬቱን ያሳዩኝ" አሏት። እናቴ ከማድ ቤት አመድ በሳህን ይዛ መጣች። አንድ ጉድጓድ እዚህ አለች፣ ሁለተኛ እዚያ፤ የድሮው የውሃ ቧንቧ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው አለች። በየቦታው አመድ እየበተነች መሬቱ ላይ መስመር ሠራች። እኛ ልጆቿ ተወልደን ያደግንበትን ግቢ በዚያ ቀን ነው ያወቅነው። ሁለተኛው ጉድጓድ ማሽኑ ሊቆምበት ባሰብነው ቦታ ልክ ነበር።

የሰውየውን አሠራር ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ከናንተ ውስጥ ቤቱ አጠገብ ትልቅ ዛፍ ያለው አይጠፋም። መጀመሪያ መብራት ኃይል አመልክተን የመንገዱ መስመር ለዚያ ቀን እንዲቋረጥ አስደረግን፤ ያ እስኪሆን ድረስ ሰውየው ሞተር አላስነሱም። ከዚያ ዛፍ የሚወጡት ልጆች በገመድ ታስረው ወጡ፤ ቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ ጫፉን፣ ቀጥሎ ግንዱን ከላይ ወደ ታች በቼይንሶ እየቆራረጡ በገመድ አወረዱት። የቀረው ሦስት ሜትር የሚሆን ራቁት ግንድ ነው። ለምን ከሥሩ አይቆረጥም ብዬ ስጠይቅ ሳቁብኝ። "ግንዱ ድጅኖህ ነው። እሱን ከቆረጥክ ምኑን ይዘህ ትፈነቅላለህ?" አሉኝ። ማሽኑ ከፍ ባለው ግንድ ላይ ሲገፋ ጉልበቱ ሥሩ ድረስ ይወርዳል፤ ጫፍ ስለሌለው ግን የሚወዛወዝም የሚወድቅም ነገር የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ከመግፋታቸው በፊት በባኬቱ በቤቱና በዛፉ መካከል ጠባብ ቦይ ቆፈሩ፤ ወደ ቤት የሚሄደው ሥር ሁሉ እዚያ ላይ ተቆረጠ። "ሥሩን ከቤቱ ሳትለይ ዛፉን ከነቀልክ መሠረቱን ይዞት ነው የሚነሳው" አሉ። እውነትም እንደ ክንዴ የወፈረ ሥር ከእትዬ መሠረት ድንጋይ ሥር ገብቶ ነበር። እሱን ማሽኑ አልነካውም። ሰውየው ከጋቢናቸው ወርደው፣ በእጅ መጋዝ እንዲቆረጥና የቀረው እዚያው እንዲተው አደረጉ። ስንቱን ሰዓት እንደከፈልን አልቆጠርኩም። ልቁጠር ብልም እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ሦስቱ ዛፎች በሁለት ቀን አለቁ። አንድም ቆርቆሮ አልተነካም። ጉድጓዶቹን ሲሞሉ ቅርንጫፍና ቅጠል እንዳይጨመር ተቆጡ፤ በስብሶ መሬቱ ይሰምጣል አሉ። አፈሩ በትንሽ በትንሹ፣ እየተረገጠ ተሞላ። የድሮዎቹም ጉድጓዶች ተከፍተው በድንጋይና በአፈር ተዘጉ።

የመጨረሻው ጉቶ ሲወጣ እናቴ እዚያው ነበረች። ሥሩ ከነአፈሩ ወደ ላይ ሲገለበጥ ፊቷን አላዞረችም። ስለ ሰደቃው ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ማታ ከዒሻ በኋላ ግን ሱጁዷ ረዘመብኝ።

ግንዱን ሸጥነው። ገንዘቡ የእትዬን ማድ ቤት በብሎኬት አሠራ፣ ትንሽ አጠረውና ከኛ ጨመርን። እትዬ መጀመሪያ አልቀበልም አሉ። "ከአላህ የሚጠይቀን እኛን ነው፣ እርስዎን አይደለም" ስላቸው ዝም አሉ። አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግቢያቸው ይገባል። በርበሬያቸውን እዚያው ያሰጣሉ፤ ድሮ በወንፊት ቅጠል ይለቅሙበት ነበር።

ሁሉም ነገር አማረ እንዳትሉ። ዛፎቹ ሲነሱ የሚጠጣውን ውሃ የሚጠጣው ጠፋ፤ ዘንድሮ ክረምት ዋልካው ጠግቦ አበጠ። ድሮ የወረደው ግድግዳ አሁን ወደ ላይ እየተገፋ የእትዬ የመኝታ ቤት በር አልዘጋም አለ። ግንበኛው ስንጥቁን አሁን ብንለስነው መልሶ ይከፈታል፣ አፈሩ ረግቶ እስኪቀመጥ ሁለት ክረምት ጠብቁ አለን። ስለዚህ በየጊዜው መላጊያ ይዤ እየሄድኩ በሩን እልገዋለሁ። እትዬ ቡና ያፈላሉ። ስለ ግድግዳው ዛሬ ያለ ሐፍረት እንነጋገራለን፤ ይህ ድሮ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት በሩን እየላግኩ ሳለ እትዬ ከጓሮ ጠሩኝ። በሳቸው በኩል ተቀብሮ ከቀረው ሥር አንድ ቡቃያ ወጥቷል፤ ስንዝር አይሞላም፣ ቅጠሉ ገና ቀይ ነው። እትዬ አጎንብሰው አዩትና "የአባትህ ነው፣ ልተወው እንዴ?" አሉ። ምን እንደምመልስ እያሰብኩ ስቆም እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ ሰምታን ነበር። በዋናው በር ዞራ መጣች። ዶማ ይዛለች። "ዞር በሉ" አለችን፣ ቀሚሷን ሰብስባ መቆፈር ጀመረች።